የደረቀ ወንዝ ልኬት

ኦቾሎ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለኖላዊት፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሻሺቱ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷ ግን ጤነኛ ነው፤ ትናንት ብቻ ሁለት ጎረቤት አስታርቃ ሦስት አጣልታለች።

ፖስታሽን አሸናፊ በአውቶቡሱ አምጥቶ ሰጠኝ። ማኅተሙን አይቶ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሽ ሽመክት፣ መንግሥት ነው የጻፈልዎ፤ ምን አጥፍተው ነው?» አለኝ። «ሚኒስትር ሊያደርጉኝ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ የፊት ወንበር ያዝልኝ» አልኩት። ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ፖስታውን ግን ቤት እስክደርስ አልከፈትኩትም።

በስልክ ባለመጠየቅሽ ደግ አደረግሽ። እዚህ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ሲቆሙ ነው፤ እዚያ ቆሞ የሚያወራ ሰው ከአንቺ በፊት የቆላው ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ድልድዩ ሥር የቆመውን ባለ ቁጥር ብረት ማንበብ ከጀመርኩ ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ከ1994 መስከረም ጀምሮ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አንዴ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት አንዴ እወርዳለሁ፤ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አይቼ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። በየሦስት ወሩ አንድ ሰው መጥቶ ይገለብጠዋል። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከሽመና ጉድጓዴ ሳልወጣ ነው። አሁን አዲስ አበባ ያሉ መሐንዲሶች የእኔን ቁጥር ይዘው ግድብ ይነድፋሉ ስትዪኝ፣ ተነሥቼ የራሴን እጅ ጨበጥኩ።

የመንግሥትና የግል አጋርነት ብለሽ የጻፍሽልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንደገባኝ ጋብቻ ነው። መንግሥት ወንዝ አለው፣ ገንዘብ የለውም። ኩባንያው ገንዘብ አለው፣ ወንዝ የለውም። አንቺ ደግሞ ሽማግሌ ሆነሽ ተልከሻል። ኩባንያው ወንዙን ጠልፎ ግድቡንና ቧንቧውን ይሠራል፤ ሃያ አምስት ዓመት ለከተማውና ለትልልቅ እርሻዎች ውሃ እየሸጠ ይኖራል፤ ከዚያ ሁሉንም ለመንግሥት ትቶ ይሄዳል። ሃያ አምስት ዓመት ያልተጣላ ባልና ሚስት አላየሁም። ስለዚህ የጠቡን ነገር ሠርጉ ሳይደርስ ጻፊው።

መዝገቡ ደህና ነው ወይ ላልሽው፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ነው፤ አይጥ አልደረሰበትም።

አጎትሽ ሽመክት

ከዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ለምን 2008ን ብቻ ለይተሽ ጠየቅሽኝ?


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎ ለጋሼ ሽመክት፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ከፍቼ ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ አቶ ሕዝቅኤል በበሩ ብቅ ብሎ አየኝ። የጠቡን ነገር ቀድመሽ ጻፊ ያሉኝ ቀልድ አይደለም፤ ሥራዬ እሱው ነው።

እንዲህ ባለው ውል ዋናው ጉዳይ ሥጋትን ማከፋፈል ነው። የሲሚንቶ ዋጋ ቢንር ማን ይሸከማል? ኩባንያው። የመሬት ካሳ ቢጓተት? መንግሥት። እያንዳንዱ ሥጋት ባለቤት ይሰጠዋል። ከሁሉ የከበደኝ አንዱ ነበር፤ ውሃው ቢጎድልስ? የእርስዎ መዝገብ ግን በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ ወንዙ አንድም በጋ ክፉኛ እንዳልጎደለ ያሳያል። ስለዚህ ያንን ሥጋት ከኩባንያው ላይ አነሣሁለት። በውሉ መሠረት ኩባንያው በማንኛውም ቀን የተወሰነ ውሃ ቀድሞ ይወስዳል፤ የተረፈው ከግድቡ በታች ላሉት የሙዝ አትክልተኞች ይለቀቃል። ሁልጊዜ ስለሚተርፍ ማንንም አይጎዳም። ይህን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቡድኑም ወዶታል።

2008ን የጠየቅኩት አበዳሪዎቹ ስለጠየቁን ነው። ያ ዓመት የድርቅ ዓመት ነበር። በዙሪያችሁ ያሉት ወንዞች ልኬት ሁሉ ወርዷል። የእርስዎ መዝገብ ላይ ግን ወንዙ ታኅሣሥም፣ ጥርም፣ የካቲትም እንደ ደህና ዓመት ይፈሳል። አቶ ሕዝቅኤል «ምንጭ ይኖረዋል» ብሎ አለፈው። አበዳሪዎቹ ግን ከአንባቢው ከራሱ ቃል ይፈልጋሉ።

አንድ መስመር ብቻ ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩልኝ፦ «በ2008 በጋ ወንዙ አልጎደለም።» የሕዝብ ምክክሩ የካቲት ውስጥ ነው፤ ውሉ የሚፈረመው ከዚያ በኋላ ወዲያው ነው።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ኖላዊት


ኦቾሎ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኖላዬ፣

ያልሽኝን መስመር አልጻፍኩትም። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። አንደኛው ላይ ጽፌ ፈርሜም ነበር፤ ፖስታ ውስጥ ከትቼ አሸናፊ ዘንድ ሄድኩና «የፊት ወንበሩ ተይዞልዎታል ክቡር ሚኒስትር» ሲለኝ ይዤው ተመለስኩ።

እስካሁን ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ።

በ2008 ኅዳር መጨረሻ ባለቤቴ ዓለምጸሐይ ታመመች። አንቺ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ላይ ነበርሽ፤ እንዳይነግሩሽ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያም እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቅኩሽም። ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ መጋቢት አጋማሽ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አልጋዋ ሥር ምንጣፍ አንጥፌ ተኛሁ። መዝገቡን ይዤው ነበር። ተክቼው የምሄደው ሰው አልነበረኝም፤ ሥራውን ይወስዱብኛል ብዬም ፈራሁ። ስለዚህ የ2007ን ገጽ ከፍቼ፣ አንዱን ቀን በሁለት ጣት ጨመር፣ ሌላውን ቀነስ እያደረግኩ ጻፍኩ።

አሳምሬ ነው የዋሸሁት። በሽመና አንድ ዓይነት ጥለት ደጋግመሽ ስትሠሪ ዓይን እንዳይሰለች ትንሽ እንደምታዛንፊው፣ እንደዚያ። ዓለምጸሐይ ስጽፍ ታየኝ ነበር። «ዛሬስ ወንዙ እንዴት አደረ?» ትለኛለች። «ሞልቶ አደረ» እላታለሁ። ትስቃለች። እሷ እየሳቀች እኔ እንዴት ልተወው?

ቀብሬያት ተመልሼ ወደ ድልድዩ ስወርድ ብረቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሰው ጫማውን ሳያወልቅ መሻገር ከጀመረ ሁለት ወር አልፎታል አሉኝ። በማግስቱ ቁጥሩን የሚገለብጠው ሰው መጣ። ገጹን ሰጠሁት። «ንጹሕ ጽሑፍ ነው» ብሎኝ፣ ወደ ወንዙም ሳይወርድ ሄደ።

ሌላው ዓመት ሁሉ እውነት ነው፤ በዓለምጸሐይ ነፍስ። ያ በጋ ብቻ ነው። ግን ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ የገባኝ፣ ከሃያ ሦስቱ ዓመት አንቺን የሚያስፈልግሽ ያው አንዱ መሆኑ ነው። ከድልድዩ በታች እነ ገብረእግዚአብሔር ሙዛቸውን ሲያጠጡ አያለሁ። ሰላም ሲሉኝ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ምን ላድርግ? አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ንገሪኝ። ይህን ወረቀት አቃጥይው።

ሽመክት


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ለማንም አትናገር። ለእማዬም፣ ለንስሐ አባትህም፣ ለማንም። የ2008ን መዝገብ በአሸናፊ ላክልኝ፤ ፖስታውን በደንብ አሽገው።

ሰነዱ አበዳሪዎቹ ዘንድ ደርሷል። ስድስት ሰው አይቶታል፤ ከታች ያለው ስም የእኔ ነው። «መረጃውን አረጋግጫለሁ» ይላል። ጋሼ፣ አረጋግጫለሁ ነው የሚለው።

ሞልቶ አደረ አልካት። እኔ ደግሞ ያንን ቁጥር ይዤ የሰው ውሃ አከፋፈልኩ። እየተጣደፍኩ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌን ካላነበብከው ይቅር በለኝ።

መዝገቡን ላክ።

ኖ.


ገረሴ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኖላዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በሁለተኛው «አንተ» ስላልኩዎ ብለሽ ይቅርታ ጠይቀሻል። ተይው። ከዚህም የባሰ ስድብ ይገባኝ ነበር፤ እናትሽ ብትሆን እስካሁን ሦስት ቋንቋ ቀላቅላ ትሰድበኝ ነበር።

መዝገቡን ያልላክሁት ለምን እንደሆነ ጠይቀሻል። እንዳታቃጥዪው ፈርቼ ነው። ለራሴ ብሆን ምድጃ ውስጥ የሚከተው እኔ ነበርኩ። ግን ያኔ ውሸቱ የእኔ መሆኑ ቀርቶ የአንቺ ይሆናል።

ገረሴ ምን ይሠራሉ ላልሽው፣ ተደብቄ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ በግ ልገዛ መጣሁ እላለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ገበያ ወጥቼ የሁሉንም በግ ጥርስ አይቼ ስመለስ፣ ነጋዴዎቹ «የጥርስ ሐኪሙ መጣ» ይሉኝ ጀመር። ጥምቀትንም እዚሁ አሳለፍኩ፤ የእነዚህን ቀናት ገጽ ባዶ ትቼዋለሁ። እስቃለሁ፤ አልበላም ግን።

የሸሸሁበትን ምክንያት ልንገርሽ። ከገና በፊት አለቃሽ አቶ ሕዝቅኤል በነጭ መኪና መጣ። ለሕዝብ ምክክሩ ሰፊ ቦታ ሲፈልግ ትልቁን ዛፍና ዙሪያውን የተደረደሩትን ድንጋዮች አየና፣ «ይህ ይበቃል፤ ድንኳንም አያስፈልግም» አለ። የመረጠው ዱቡሻውን፣ የአገሩ ሸንጎ የሚቀመጥበትን ነው። ሽማግሌዎቹ ፈቀዱለት። አንድ ነገር ብቻ ነገሩት፤ እዚህ ላይ የሚነገር ነገር እንደ አዳራሽ ንግግር አይደለም፣ ጉዳዩ የሚነካው ሰው ሁሉ መጥቶ የሚያውቀውን ይናገራል፤ እያወቀ የቀረም፣ ቆሞ የዋሸም ጎሜ ይሆንበታል አሉት። «በጣም ጥሩ ልማድ ነው» ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈው።

ጎሜ ምን እንደሆነ ልጅ ሳለሽ ታውቂው ነበር፤ አዲስ አበባ አስረስቶሽ ከሆነ፣ የተደበቀ ጥፋት ነው፤ የሚመታው አጥፊውን ብቻ አይደለም። ዘሩን ይፈልጋል። እኔ ልጅ የለኝም። የቀረኝ ሻሺቱና አንቺ ናችሁ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፤ አትንገር ብለሽኝ ነበር፣ ይቅር በይኝ። «ኃጢአቱን ለእኔ ነገርከኝ፤ ውሃው ግን የእኔ አይደለም፤ ለባለቤቶቹ ንገር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ገረሴ የገባሁት። የምክክሩ ቀን እስኪያልፍ እዚህ እቆያለሁ። ካልተገኘሁ አልዋሸሁም፤ አይደል? እንዲህ ብዬ ራሴን አታልላለሁ።

ሽመክት


አዲስ አበባ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሽመክት፣

የላኩት አጭር ወረቀት ደረሰኝ። እማዬ መውደቋን አስቀድሜ ሰምቻለሁ። ክንዷ ተሰብሮ ወጌሻ አሽቶላታል፤ ትናገራለች፤ ትሳደባለች። በእርስዎ ምክንያት እንዳይመስልዎ። ከምንጩ የሚያወጣው ድንጋይ ድሮም ያዳልጣል፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ወድቄበታለሁ። ከመዝገብ ጋር ምንም አያገናኘውም። ይህን አራት ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ አሁን ለእርስዎ መጻፌም ለአምስተኛ ጊዜ ለራሴ እየነገርኩ ነው።

ወደ ኦቾሎ እመለሳለሁ፣ ዱቡሻው ላይም እቆማለሁ ብለዋል። እንዳይመጡ ልለምንዎ ነበር፤ አልችልም። ግን እኔም የደበቅኩት አለኝ።

ቡድኑ ውስጥ ስገባ ቅጽ አስሞልተውኛል። አንዱ ጥያቄ፣ «ከመረጃው ምንጭ ጋር የቤተሰብ ግንኙነት አለዎት?» ይላል። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። እርስዎ የእናቴ ወንድም ነዎት፤ የአባት ስማችን አይገናኝም፤ ማንም አያውቅም አልኩ። ከዚህ ፕሮጀክት እንዳያወጡኝ ነበር። በአገሬ የሚሠራ የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔ ካልሠራሁት ማን ያውቀዋል ብዬ ታበይኩ። አሁን መዝገቡ ሐሰት መሆኑ ሲታወቅ፣ ከእርስዎ ጋር ተመካክሬ ያደረግኩት ይመስላል። ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም ጋሼ፤ ሊያስከስሰኝ ይችላል።

የካቲት 15 ቀን እዚያ ሆኜ ሰነዱን ለሕዝቡ የማብራራው እኔ ነኝ። አቶ ሕዝቅኤልም፣ የኩባንያው ሰዎችም፣ አበዳሪዎቹም ይኖራሉ።

የእርስዎን ይናገሩ። ቁጥሩን ይናገሩ። የእህቴ ልጅ ናት ብቻ አይበሉ። በእማዬ ይዤዎታለሁ፤ አያውቁኝም።

ኖላዊት


ኦቾሎ፣ የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኖላዬ፣

ቅዳሜ መኪናው ሲነሣ በመስኮት እጅሽን አየሁ እንጂ ፊትሽን አላየሁም። ሕዝቅኤል ከጎንሽ ተቀምጦ ወደ ሌላ በኩል ይመለከት ነበር። መንገዱን ሁሉ አንድ ቃል እንዳልተናገረሽ ገምቻለሁ።

ለምን ዝም አሉ ብለሽ ተቆጥተሽኝ ከሆነ፣ የሆነውን ልንገርሽ።

ቁጥሩን ስናዘዝ አልከበደኝም። አፌ ተፈታ። ሆስፒታሉን፣ ዓለምጸሐይን፣ የ2007ን ገጽ፣ ሁሉን ተናገርኩ። የኩባንያው ሰው አስተርጓሚውን «ምን አለ? ምን አለ?» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ እንደ ወጉ ጠየቁኝ፦ «ሆድህ ውስጥ የቀረ አለ?» የለም አልኩ። ያኔውኑ ገባኝ፤ ዱቡሻ ላይ ዋሸሁ። ሁለተኛ ጠየቁኝ፤ የለም አልኩ። ሦስተኛ ሲጠይቁኝ ሻሺቱን አየሁ፤ የተሰበረ ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ ሴቶቹ መሐል ተቀምጣለች። የለም ብል ጎሜው እሷ ላይ ይወድቃል። አለ ብል አንቺን ከሰስኩ። እናትሽን ለማየት እንጂ አንቺን ለመጠቆም አልነበረም ቀና ያልኩት፤ ያንቺን ፊት ሆን ብዬ ሸሸሁ። ዝም አልኩ።  ከሰማንያ የማያንስ ሰው እኔን ያይ ነበር።

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽው። ያለ ማጉያ ነው የተናገርሽው፤ ኋላ ያሉት ግን ሰምተዋል። «የቀረው የእኔ ነው። የእህቱ ልጅ ነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ አይደለሁም ብያለሁ» አልሽ።

ከሄዳችሁ በኋላ ያላየሽውን ልጻፍልሽ። ሽማግሌዎቹ የእርቁን እርጥብ ሣር አስያዙኝና አስቀመጡኝ። ገብረእግዚአብሔር ተነሣ። ይመታኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ። «ሽመክት፣» አለ፣ «ያን ዓመት ወንዙ መድረቁን እዚህ ያለው ሁሉ ያውቃል። እኔ ከብቶቼን ዓባያ ሐይቅ ድረስ ነድቼ ሁለቱን አዞ ወሰደብኝ። አንተ ሆስፒታል እንደነበርክም እናውቃለን፤ ዓለምጸሐይን አብረን ቀብረናል። መዝገብህ ምን እንደሚል ግን ማንም አላነበበልንም። ሦስት ጊዜ አጥኚ መጣ፤ ሦስቱም ብረቱን ፎቶ አንሥተው ሄዱ። አንዳቸውም ወንዙ ደርቆ ያውቃል ወይ ብለው አልጠየቁንም።»

አልሳቅኩም። አልተረጋጋሁምም። አንቺ እንዴት እንደሆንሽ ሳላውቅ እንዴት እረጋጋለሁ? አንድ መስመር ጻፊልኝ፤ አሰሩሽ ወይ?

ሽመክት


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ሽመክት፣

አላሰሩኝም። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ እስኪወስኑ ድረስ ምንም መጻፍ አልቻልኩም። በር በተንኳኳ ቁጥር ልብሴን አስተካክል ነበር።

ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ጠራኝ። ደብዳቤዎችዎን ጠየቁኝ። አቃጥይው ያሉኝን አላቃጠልኩም ነበር፤ ሰጠኋቸው። ከእርስዎ ጋር እንዳልተመካከርኩ ያመኑት በእነሱ ነው። ስለ ቅጹ ግን ማስተባበያ የለኝም። ከፕሮጀክቱ ወጥቻለሁ፤ ለሁለት ዓመት ከማንኛውም የውል ሥራ ታግጃለሁ። መዝገብ ቤት አስቀምጠውኛል። ክስ ይኑር አይኑር ገና በሕግ ክፍል እየታየ ነው፤ እሱን እስካውቅ እንቅልፍ የለኝም።

ውሉ አልተፈረመም። ለጥናት ተመልሷል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነገር አለ፤ ኩባንያው ቅድሚያ የሚወስደው ውሃ እንዳይቀነስበት እየተከራከረ ነው። «ከሃያ ሦስት ዓመት አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ አንድ ዓመት አጋጣሚ ነው» ይላሉ። ስብሰባው ላይ ስለሌለሁ መልስ የሚሰጣቸው የለም። አቶ ሕዝቅኤል ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ፣ «ሌላ ማስረጃ ከሌለ አንቀጹ እንዳለ ያልፋል» ብሎኝ አለፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ የተናገረኝ ይህን ብቻ ነው።

ለፋሲካ ፈቃድ አለኝ። ግን የአገሩ ሰው ፊቴን ማየት ይፈልጋል? እውነቱን ይንገሩኝ።

ኖላዊት


ኦቾሎ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለኖላዊት፣

እናትሽ ክንዷን ማንሣት ጀምራለች። መጀመሪያ ያነሣችው እኔ ላይ ነው፤ ልጄን መዝገብ ቤት ያስገባሃት አንተ ነህ ብላ። እየዳነች ነው ማለት ነው።

«አንድ ዓመት አጋጣሚ ነው» ያሉትን ለገብረእግዚአብሔር አነበብኩለት። እንዳልተቆጣ ሰው ተቀምጦ ሰማኝና ሄደ። በማግስቱ ቤቴ በር ላይ አምስት ሰው አገኘሁ። በሦስተኛው ቀን ከሃያ በላይ ነበሩ። ወንዙ የደረቀበትን ዓመት ሊያስጽፉኝ ነው። ምስክር ሆነው ሁለት ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ፤ እኔ ብቻዬን እንድጽፍ አልተውኝም፤ ትክክል ናቸው። አንድን ዓመት የማስገባው ሦስት ሰው ሳይመካከር፣ ለየብቻው መጥቶ ያንኑ ሲለኝ ነው። ይህን ሕግ ያወጡት እነሱ ናቸው።

ሦስት ዓመት ወጣ። 1966፤ አዛውንቶቹ ወንዙ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሲጠብቁ ያስታውሳሉ። 1977። 1992። ሦስቱም እኔ ማንበብ ከመጀመሬ በፊት ናቸው። የእኔን 2008 ጨምረሽ አራት። እኔ አንዱን ነው የደበቅኩት፤ ሦስቱን ግን መዝገቡም አልደረሰባቸውም። ሃያ አምስት ዓመት ባለው ውል ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ አንቺ አስሊው። እኔ አሰላሁትና ወረቀቱን ገለበጥኩት።

ፊትሽን ማየት ይፈልጋሉ ወይ ላልሽኝ፦ ሁሉም አይፈልጉም። እውነቱን ይንገሩኝ ብለሻል። የኩባንያው ብር ቀርቶብን ቧንቧ ያጣነው በእሷ ነው የሚሉ አሉ። ገብረእግዚአብሔር ግን «ያንን አንቀጽ የጻፈችው እሷ ናት፤ እንዴት እንደሚፈታም የምታውቀው እሷ ናት» ይላል። በስምሽ መሥራት ተከልክለሻል፤ ለአገርሽ ሰው አንብቦ ማስረዳት የሚከለክል ሕግ ካለ ጻፊልኝ። አንቀጹ ይለወጥ የሚለው ማመልከቻ የእነሱ ይሆናል፤ ፊርማውም የእነሱ። እኔ የማቅረቢያው ቀን እንዳያልፍባቸው ብቻ እፈራለሁ። የሕግ ክፍሉ ስለ አንቺ የሚለውንም እፈራለሁ። ሳልፈራ ያደርኩበት ቀን የለም፤ አንቺም እንደዚያው እንደሆንሽ አውቃለሁ።

ትናንት የመጨረሻዋ ከቆላው የወጣች አንዲት አሮጊት ነበረች። ደግፈው አመጧት። ስለ 1977 ልትናገር ነበር። እኔ እንደ ልማዴ፣ «ውሃው እስከ የት ወርዶ ነበር?» አልኳት። «እሱን አላውቅም» አለችኝ። ያን ዓመት የሞተው ልጇ አራት ዓመቱ ነበር። «ስሙን ጻፍልኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹን አየኋቸው። ጻፍ አሉኝ። ከዓመቱ አጠገብ ጻፍኩት።

ለፋሲካ ነይ።

አጎትሽ ሽመክት